ከውጭ ያልቆሰለ ሆድ

እንግዲህ ስሙኝ። ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው አስፋልት የሾኔን ከተማ ሰንጥቆ ያልፋል። ገበያ በዋለ ቀን መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ የአህያ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ሦስት ሰው የጫነ ሞተር ሳይክል አለ። ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋል። የምተርክላችሁ ከዚህ መንገድ ስለሚነሣ ጉዳት ነው። በትረካዬ የሚመጡት ሕሙማን በዚህ አገር ደጋግሞ ከሚደርሰው ነገር አዋሕጄ ያቆምኳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ስም አልሰጣቸውም። ከእነሱ ውጭ የማነሣው ስም፣ ቦታና ዓመት ግን የተመዘገበ ነው።

ልጁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አጎቱን ከኋላ አፈናጦ ሲሄድ ባጃጅ ድንገት ታጠፈበት። ሞተሩ ተገለበጠ፤ የመሪው ጫፍ የልጁን ግራ ጎን ከጎድኑ ሥር መታው። ተነሣ። አቧራውን አራገፈ። ጉልበቱ ትንሽ ከመላጡ በቀር ደም የሚባል ነገር አይታይበትም። «ደህና ነኝ» አለ። የተሰበሰበው ሰው «ጌታ ይመስገን» ብሎ ተበተነ።

ክፉው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስለት የወጋው ሆድ ራሱ ይናገራል፤ ደሙን ያየ ሁሉ ተሸክሞ ይሮጣል። ምት ያረፈበት ሆድ ግን ዝም ይላል። ከዛፍ የወደቀ አቮካዶ ቅርፊቱ ደህና መስሎ ውስጡ ተፈጥርቆ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ቆዳው ሳይሰነጠቅ ጉበት ይተረተራል፣ ጣፊያ ይፈነዳል፣ አንጀት ይበሳል። ከእነዚህ ሁሉ በምት ቶሎ የሚጎዳው ጣፊያ ነው። ግራ ጎን ላይ ከጎድን አጥንቶች ሥር የተቀመጠ፣ ደም የሞላበት፣ ሽፋኑ ስስ የሆነ አካል ነው። ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያ ደግሞ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ በቀላል ምት ይፈነዳል። ከሾኔ በስተምሥራቅ ወደ ቢላቴ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ወባን ያውቃታል። ስለዚህ በዚህ አገር ግራ ጎኑን የተመታን ሰው «ትንሽ ነው የነካው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ልጁ ቤት ገብቶ ተጋደመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግራ ትከሻውን ያመው ጀመር። እናቱ ግራ ገባት፤ «ልጄ፣ ትከሻህንም መታህ እንዴ?» አለችው። አልተመታም። ከጣፊያው የፈሰሰው ደም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ፣ የዚያ ጡንቻ ነርቭ የሚነሣው ከአንገት ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ሐኪሞች ይህን የኬር ምልክት ይሉታል። ጎረቤት መጣ። አንዱ «ወጌሻ ይጠራና ይሽልን» አለ፤ ሌላው «ትኩስ ወተት ይጠጣ» አለ። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን አይሆንም። የተተረተረ ጣፊያ ላይ የረጋው ደም ነው ለጊዜው ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው፤ ሆዱን ያሸ እጅ ያንን ድፋን ያነሣዋል። የጠጣው ወተት ደግሞ ሰመመን ሲሰጠው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እባካችሁ፣ ሆዱ የተመታን ሰው አታሹት፤ ምንም አታቅምሱት።

አጎትየው አስተዋይ ነበር፤ ባጃጅ ጠርቶ ልጁን ሆስፒታል አደረሰው።

በሆስፒታሉ መጀመሪያ የተያዘው እጁ ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ ከመቶ በላይ እየሮጠ ነው፤ መዳፉ ቀዝቅዟል፤ የላይኛው የደም ግፊቱ ከዘጠና በታች ወርዷል። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ሆድ ደግሞ ይህን ሁሉ ደብቆ መያዝ የሚችል ሰፊ ቦታ ነው። ባለሙያው አልትራሳውንዱን አምጥቶ አራት ቦታ አየ፤ በቀኝ በጉበትና በኩላሊት መካከል፣ በግራ በጣፊያው ዙሪያ፣ በታች በዳሌው ውስጥ፣ በላይ በልብ ዙሪያ። በግራና በታች ጥቁር ፈሳሽ ታየ። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ሕመምተኛው ከአልጋው አይነሣም።

አልትራሳውንድ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ይህን ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንዲሁ ናቸው) ዴቪድ ሩት የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ አንድ መላ አሳተሙ። ከእምብርት በታች ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ ደም ካልወጣ አንድ ሊትር ያህል ጨዋማ ፈሳሽ አስገብተው መልሰው ይቀዱታል፤ ተመልሶ የሚመጣው ደም ከሆነ ሆዱ ይከፈታል። መላው ብዙ ነፍስ አተረፈ። ጉድለቱ ከመጠን በላይ ጠንቃቃ መሆኑ ነበር፤ ትንሽ ደም ባሳየ ቁጥር ሰው ይከፈታል፤ ሲከፈት መድማቱን በራሱ ያቆመ ትንሽ ጭረት ብቻ ይገኛል። ሰውዬው በከንቱ ተቀደደ ማለት ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። አጎትየው ባለሙያውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ሆድ ሳይቀዱ በካሜራ ይሠራሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ልጅ ገና ነው፤ ሆዱን ሳትከፍቱት አይሆንም?» አለው። ጥያቄው የፍቅር ጥያቄ ነው፤ አላዋቂም አይደለም። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሐሞት ከረጢትና የማሕፀን ኦፕራሲዮን በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በገባ ካሜራ፣ ይሠራል። ባለሙያው የመለሰለት በአጭሩ ነው፤ «ጋሼ፣ ካሜራውም ቢኖረኝ ለዚህ ልጅ አላወጣውም።»

ለምን? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ጀርመን ይወስደኛል። በ1901 በድሬስደን ይሠራ የነበረው ጌኦርግ ኬሊንግ የተባለ ሐኪም ያስጨነቀው ነገር ይህ የእኛ ልጅ ያለበት ነገር ነበር፤ በሆድ ውስጥ ያለ መድማት። ሆድን በአየር ብንነፋው ግፊቱ ደሙን ያቆመው ይሆን? ብሎ በውሻ ሆድ ላይ ሞከረ። አየሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት ለሽንት ፊኛ ምርመራ የተሠራውን መነጽር በሆዱ ግድግዳ በኩል አስገባ። በቀዳዳ ሆድን የማየት ጥበብ የተወለደው በዚያ ነው። በ1910 ስዊድናዊው ያኮቤየስ በሰው ላይ አደረገው፤ በ1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳረሰ።

የኬሊንግ የመጀመሪያ ተስፋ ግን አልሠራም። ለላፓሮስኮፒ ሆድ የሚነፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የማይቀጣጠልና በደም ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ ጋዝ ስለሆነ ተመረጠ። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ደሙ ሙሉ የሆነ ሰው ይህን ይችለዋል። ደሙ ያለቀበት ሰው ግን አይችለውም፤ ጋዙ ከእግርና ከሆድ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ስስ ደም ሥር ይጫነዋል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፣ የወረደው ግፊት ጭራሽ ይወድቃል። ምቱ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ቀዶት ከሆነ ደግሞ ጋዙ በቀዳዳው ወደ ደረት ገብቶ ሳንባውን ያፍነዋል። በዚያ ላይ ካሜራው በደም ኩሬ ውስጥ ምንም አያይም። ስለዚህ ግፊቱ እየወደቀ ያለ ሰው በሾኔም፣ በአዲስ አበባም፣ በለንደንም የሚደረግለት አንድ ነገር ነው፤ ሆዱ በትልቁ ይከፈታል።

ልጁ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። መሐል ለመሐል፣ ከደረት አጥንት ጫፍ ጀምሮ እምብርቱን በጎን አልፎ ወደ ታች ተከፈተ። ደሙ ገነፈለ። ቀዶ ሐኪም በዚህ ጊዜ የደማውን ቦታ ለመፈለግ አይጣደፍም፤ በአራቱም ማዕዘን ትልልቅ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፣ ይጫናል፣ ሰመመን ሰጪው ደምና ፈሳሽ እስኪያቀብለው ይጠብቃል። ከዚያ ጨርቁን አንድ በአንድ እያነሣ ያያል። ጣፊያው ለሁለት ተከፍሏል። ወደ ላይ ተነሣ፣ ደም ሥሩ ታሰረ፣ ወጣ። የጨርቁ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ በሆድ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ሌላ መከራ ነውና። ደም ባንክ ሩቅ በሆነበት ቦታ የሚያገለግል ሌላም አሮጌ ብልሃት አለ፤ አንጀት ያልተበሳ መሆኑ ከታወቀ በሆድ የተጠራቀመው የራሱ የልጁ ደም በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ፣ በበርካታ ድርብ ጋዝ ተጣርቶ፣ መልሶ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። የአፍሪካ የወረዳ ሆስፒታሎች በዚህ ብዙ እናቶችንና ብዙ ልጆችን አትርፈዋል።

ይህን ሆድ የከፈተው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ስፔሻሊስት አይደለም። ኢትዮጵያ በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጤና መኮንኖችን ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የወሊድ ኦፕራሲዮን እንዲሠሩ በሁለተኛ ዲግሪ ለሦስት ዓመት ማሠልጠን ጀመረች። ወደ ወረዳ የሄዱት እነሱ ናቸው። በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አለው ለመባል ሦስት ነገር መሥራት አለበት አለ፤ በኦፕራሲዮን ማዋለድ፣ ሆድ መክፈት፣ ክፍት ስብራት ማከም። ሰውም በሁለት ሰዓት ውስጥ እዚያ መድረስ አለበት አለ። ይህ ሁለት ሰዓት ለሾኔ ምን ማለት እንደሆነ ካርታውን እዩት። ሾኔ ያለችበት ባደዋቾ ከሌላው የሀዲያ ምድር በከምባታ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ሆሳዕና፣ በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት በሀዲያዋ ልጅ በእሌኒ ስም ወደሚጠራው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ በዱራሜ በኩል የከምባታን ዳገት ማቋረጥ አለ። ወደ ሶዶ መሄድ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሌላ ክልል መሻገር ነው። ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ «በየት እንሂድ?» እያለ የሚነጋገረው ለዚህ ነው። ጣፊያው የፈነዳ ልጅ ግን ይህን ምክር አይጠብቅም። በእኔ ፍርድ ለሾኔ ከሁሉ የሚቀድመው በሌሊትም በበዓልም ሆድ መክፈት የሚችል ሰው፣ ሰመመን ሰጪ፣ ደምና መብራት በዚያው መገኘቱ ነው።

አጎትየው የጠየቀው ጥያቄ ግን በዚህ አያበቃም። ሌላ ሰው ላምጣላችሁ።

አርባ ዓመት የሆነው ገበሬ ነው፤ ፈረስ ሆዱን ረገጠው። ከመጣ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። የልብ ምቱ ደህና ነው፤ ግፊቱ ደህና ነው። አልትራሳውንዱ ትንሽ ፈሳሽ አሳየ፤ ጉበቱና ጣፊያው ግን ያልተነኩ ይመስላሉ። ታዲያ ፈሳሹ ከየት መጣ? ሆዱን ሲነኩት ከጠዋቱ ይልቅ አሁን ይኮማተራል። አንጀት የተበሳ ሰው መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ ይቆያል፤ አልትራሳውንድም የአንጀትን ቀዳዳ አያሳይም፤ ከግማሽ ቀን ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ሆድ ዕቃው ተመርዞ ትኩሳቱ ይነሣል። መዘግየት ይገድላል፤ በከንቱ መክፈትም ይጎዳል። ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ ሪፈር ተጻፈለት፤ ሲቲውም ጥርጣሬውን አልቆረጠውም።

ላፓሮስኮፒ ወደ ትረካዬ በሙሉ መብቱ የሚገባው በዚህ ሰው ነው። እምብርቱ አጠገብ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ካሜራው ይገባል፤ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ለመሣሪያዎቹ ይጨመራል። አልጋው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይዘነበላል። ከዚያ ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆነው ትንሹ አንጀት በሁለት ረጃጅም መያዣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተቀባበለ፣ ፊቱም ጀርባውም ይታያል። ቀዳዳ ከተገኘ እዚያው ይሰፋል፤ ወይም ትንሽ ከፍተው አንጀቱን አውጥተው ሰፍተው ይመልሱታል። ምንም ካልተገኘ ሰውዬው ከትልቁ ቁስል ተረፈ።

በ1990ዎቹ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ይህን ለተመታ ሆድ አናምነውም ይሉ ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ያኔ ካሜራው ደብዛዛ፣ እጁም አዲስ ነበርና የተበሳ አንጀት ሳይታይ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በኋላ አንጀቱን በሥርዓት ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ የግድ ሲሆን የሚያመልጠው ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ከተለያዩ አገሮች የወጡት ንጽጽሮች በአብዛኛው አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ግፊቱ በተረጋጋ ሰው ላይ፣ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ፣ በቀዳዳ የተሠራለት ሰው ሕመሙ ያንሳል፣ ቁስሉ የሚመረቅዘው አልፎ አልፎ ነው፣ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ስሰማ ግን አንድ ነገር ይዤ ነው። አብዛኛው ንጽጽር ካለፈ መዝገብ የተለቀመ ነው፤ ጉዳቱ ቀለል ያለው ሰው ወደ ቀዳዳው፣ የከበደበት ወደ ትልቁ ቢላ ተልኳል። ስለዚህ የትንሹ ቀዳዳ ሕሙማን ቶሎ ቢያገግሙ ሁሉም የቀዳዳው ውለታ አይደለም። በመሐል ላይ ነገሩ ሲከብድ ትቶ ሆድን መክፈት ደግሞ ሽንፈት አይደለም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ያም ሆኖ ለዚህ ገበሬ ትንሹን ቀዳዳ እመኝለታለሁ፤ የምመኘውም ለቁመናው ውበት ብዬ አይደለም። መሐል ለመሐል ከተከፈተ ሆድ ከመቶ ከዐሥር እስከ ሃያው በኋላ በስፌቱ ላይ ይላላና አንጀት ከቆዳው ሥር ይወጣበታል። ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው። እንሰት ነቅሎ ለሚተክል፣ ዶማ ለሚያነሣ፣ እንሰት ለምትፍቅና ቆጮ ለምትሸከም ሴት ግን እንጀራ ማጣት ነው። ሆዱ ትልቅ ስፌት የያዘ ሰው በዕድሜው ሁሉ አንጀቱ ከስፌቱ ጋር ተጣብቆ የሚታጠፍበትም ጊዜ አለ። በየቀኑ በጉልበቱ የሚበላ ሰው ከሁሉ ይልቅ ያልተቀደደ የሆድ ግድግዳ ያስፈልገዋል። የካሜራው ኦፕራሲዮን የከተማ ሀብታም ነገር ነው የሚለውን አልቀበልም፤ አብልጦ የሚጠቅመው ገበሬውን ነው።

የሚያስቸግረው ዕቃው ነው። የጋዝ ሲሊንደር ያልቃል፤ መብራት ይጠፋል፤ ካሜራ ይሰበራል፤ የሚጠግነው አይገኝም። ለዚህ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ገጠር የመጣ ትምህርት አለ። እዚያ የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ያለ ጋዝ የሆዱን ግድግዳ በብረት ወደ ላይ አንሥተው፣ ሕመምተኛውን ሳያስተኙ በጀርባው በሚወጋ ማደንዘዣ አደንዝዘው በካሜራ ይሠራሉ። ጋዝ የለም፤ ውድ የሰመመን ማሽንም የግድ አይደለም። በተረጋጋ ሕመምተኛ ላይ ለሐሞት፣ ለትርፍ አንጀትና ለሴቶች ሕክምና ይጠቀሙበታል። ለተመታ ሆድ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ቢሆንም ተማሪ ለሚያስተምሩት ለሆሳዕናና ለሶዶ ሆስፒታሎች እጅን የሚያለማምዱበት ጥሩ መነሻ ነው እላለሁ። በተረጋጋ ሕመምተኛ ሐሞት ላይ ያልሠለጠነ እጅ በተመታ ሆድ ላይ አይሠለጥንም።

ሦስተኛውን ሰው በአጭሩ ልንገራችሁ። ከዛፍ የወደቀች የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጉበቷ ላይ ስንጥቅ ታየ፤ ግፊቷ ግን አልተናወጠም። አትከፈትም። በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ አሜሪካውያን ጣፊያቸው የወጣ ሕፃናት በኋላ በከባድ ኢንፌክሽን እንደሚያዙ፣ የሞቱም እንዳሉ ጻፉ፤ በ1968 የቶሮንቶ ሐኪሞች ጣፊያቸው የተተረተረ ልጆች ሳይከፈቱ እየተጠበቁ መዳናቸውን አሳተሙ። ዛሬ የተረጋጋ ሕፃን በጣፊያም በጉበትም ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይቀደድም። መጠበቅ ግን መተው አይደለም። በየሰዓቱ የልብ ምቷና ግፊቷ ይለካል፣ ሆዷን ያው አንድ እጅ ደጋግሞ ይነካዋል፣ ደም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ ቀዶ ሐኪሙ ከግቢው አይርቅም። ይህ በሌለበት ቦታ «እንጠብቅ» ማለት አይቻልም።

የሞተሩ ልጅ በስምንተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣ። ስፌቱ ይደርቃል፤ ከባድ ሸክም ግን ለሳምንታት አያነሣም። ጣፊያ የሌለው ሰው የኒሞኒያና የማጅራት ገትር ጀርሞችን የሚያጣራው ወንፊት ስለጎደለው ለእነዚህ የሚሰጡት ክትባቶች ተቆጥረው ይሰጡታል። በአጎበር ውስጥ ያድራል፤ ወባ በእሱ ላይ ትከፋለችና። ነርሷ እናቱን አስቀምጣ፣ «እናቴ፣ ትኩሳት ሲይዘው ነገ ይሻለዋል ብለሽ አታሳድሪው» ብላ ነገረቻት። ካርዱ ላይ በትልቁ «ጣፊያ የለውም» ተብሎ ተጻፈ። ትኩሳት በያዘው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ያንን ካርድ ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ የወባ ምርመራው ይደረግለታል፣ አንቲባዮቲኩም ውጤቱ ሳይጠበቅ ይጀመርለታል።